ከገመሬው ጎን የሚሰቀል ፊት

በእኛ አገር ካሜራ ፊት የሚቆጣ ሰው የለም። ካላመናችሁኝ ሞክሩት። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገበያ መሐል ቁሙና ካሜራችሁን አንሱ። ሲሳደብ የነበረ ሰው ስድቡን ግማሽ ላይ ትቶ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይመልሳል። ልጁን ሊቆነጥጥ እጁን የዘረጋ አባት፣ ያው እጅ መንገድ ቀይሮ የልጁን አንገትጌ ሲያስተካክል ታገኙታላችሁ። ሁሉም አገጩን ቀና ደረቱን ነፋ ያደርግና፣ ሩቅ ተራራ ላይ የጠፋች ላሙን ያየ ይመስል ወደዚያ ማፍጠጥ ይጀምራል። ለሌላው ሰው ይሄ መልካም ጠባይ ነው። እኔን ግን ክረምቱን ሙሉ አንከራቶኛል፤ ስፈልግ የከረምኩት የተቆጣ ሰው ነዋ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ካሜራ አገኘሁ፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፣ እንዲሁ ተማርኩ። ያቺ ብሎን የት እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ካሜራው ግን ይሠራል። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ጉርድ ፎቶን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቅም። የሁለቱ ጆሮዎች ከፍታ እኩል ካልሆነ አላነሳም። አንገትጌ ከተጣመመ አላነሳም። አንድ ደንበኛዬ፣ "ወንድሜ፣ ጆሮዬን እግዜር ራሱ እኩል አላደረገው፤ አንተ ምን ቤት ነህ?" ብሎኝ ጥሎኝ ወጥቷል። ወሬ ላይ የለሁበትም። "ቀና"፣ "ትንሽ ወደ ግራ"፣ "ጨረስን"፤ ከዚህ በላይ የተናገርኩበት ቀን ካለ በዓል ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን ከቡሬ ስመለስ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። ወርደን ቆምን። ከመንገዱ በላይ ካለች ቋጥኝ ላይ አንድ ገመሬ ተቀምጧል። ገመሬ የዝንጀሮ መንጋ አውራ ነው፤ ይሄኛው ጎፈሩን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ደርቦ፣ ቀኝ ጆሮው ጫፏ ተቆርጣ፣ የጎማ ቅያሬውን እንደ ተቆጣጣሪ ይመለከታል። ረዳቱ ሥራው እምቢ ሲለው ንዴቱን እዚያ ሊያወጣ ድንጋይ ወረወረበት። ገመሬው አልሸሸም። ቅንድቡን ሰቅሎ፣ የላይ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አሳየው። እኔም ጠቅ አደረግኩ።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ፎቶ ቤቴ ውስጥ በአንዲት ሙሽራና በአንድ ተመራቂ መሐል ሰቀልኩት። የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ሊያስነሱ የመጡ አንዲት እናት ከሩቅ አዩትና፣ "ይሄ ሰውዬ በምን ተናዶ ነው?" ብለው ጠጋ አሉ። "ውይ በስመአብ!" አማተቡ። ከዚያ ግን አልሄዱም፤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆይተው፣ "እንዲያው እኮ የቤቴን ሰውዬ መስሎኝ ነው" አሉ። አልቀለዱም።

ነገሩ የጀመረው በዚህች ቃል ነው። ለምን ጎን ለጎን አልሰቅላቸውም አልኩ። ሰውና ዝንጀሮ፣ ሰውና ጦጣ፣ አንድ ዓይነት ስሜት፣ አንድ ዓይነት ብርሃን። ደክሟቸው የተቀመጡ ሽማግሌና ደክሞት የተቀመጠ ዝንጀሮ አገኘሁ። ልጇን ያቀፈች እናትና ልጇን ያቀፈች ጦጣ አገኘሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛዬ የደንበኛውን ማጅራት ጎንበስ ብሎ ሲመረምር፣ አንዲት ዝንጀሮ ደግሞ የባሏን ማጅራት እንዲሁ ስትመረምር አገኘሁ፤ እንዲያውም እሷ ሥራዋን የበለጠ ታከብራለች። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሞላ። ከመሐል የሚሰቀለው፣ የሥራው ሁሉ ልብ የሆነው ቁጣ ግን ግማሹ ጎደለ። ትልልቁን ጠብ ለባለቤቶቹ ትቼ፣ ትንሿን ንዴት ገና ቅንድብና ቅንድብ መሐል እንዳለች ልይዛት ነበር የፈለግኩት። የገመሬው አለ፤ የሰው የለም።

የወጣቶች አዳራሽ ኃላፊ ወይዘሮ ሰብለ፣ ከመስቀል በኋላ ባለችው ቅዳሜ አንዱን ግድግዳ ሊሰጡኝ ተስማምተው ነበር። ፎቶዎቹን ሳሳያቸው ከገመሬው ጎን ያለውን ባዶ ፍሬም በጣታቸው መቱት።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ሰው ይገባበታል።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"የተቆጣ።"

"እዚህ አገር ተቆጥቼ ከዝንጀሮ ጎን ልሰቀል ብሎ የሚፈቅድልህ ማን ነው? ያለ ፈቃዱ ሰቅለኸው ሰውዬው የመጣ እንደሆነ፣ ቁጣውን አዳራሼ ውስጥ በተግባር ነው የሚያሳየን።" መነጽራቸውን አወለቁ። "የተቆጣ ሰው ከነፈቃዱ ካላመጣህ ግድግዳውን ለአንዲት የሠርግ ዲኮር ባለሙያ እሰጠዋለሁ። ከልጅቱ ጋር ተነጋግረናል፤ ፊኛውን ሳይቀር ይዛ ትመጣለች።"

የሠርግ ዲኮር በሕይወቴ ስንት ጊዜ ፎቶ አንስቻለሁ! በፊኛ ልሸነፍ? በፍጹም።

ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቡሬ መናኸሪያ ሄድኩ፤ እዚያ ጠብ እንደ አቧራ ነው፣ መኪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይነሳል። ሁለት ረዳቶች የአንዲት ሴት ሻንጣ ከሁለት ጫፍ ይዘው ይጓተታሉ።

"እኔ ነኝ ቀድሜ የጠራኋት!"

"ልቀቅ ብዬሃለሁ፣ አንተ ቀላል!"

"ኧረ እኔ የትም አልሄድም፤ ሰው ልቀበል ነው የመጣሁት!" ትላለች ሴትዮዋ። ሰሚ የለም።

ካሜራዬን አነሳሁ። ሁለቱም ሻንጣውን ለቀው ተቃቀፉ። አንዱ በሁለት ጣቱ የድል ምልክት ሠራ። "ብሮ፣ በቴሌግራም ላክልን።" ሻንጣዋ መሬት ላይ ወድቃለች፤ ሴትዮዋም ነጠላዋን አስተካክላ መሐላቸው ገብታለች።

ፍኖተ ሰላም ከብት ገበያ ወረድኩ። ደላላውና ባለበሬው አፍንጫና አፍንጫ ገጥመው ይጯጯሃሉ። ካሜራዬን ሲያዩ ደላላው፣ "ቆይ፣ በሬውም ይግባ" ብሎ ቀንዱን ይዞ ጎተተው። ከሦስቱ የተቆጣው በሬው ብቻ ነበር። እሱን አነሳሁት፤ ግን በሬ ለእኔ ሥራ አይሆንም፣ ሌላ ዘር ነው።

ፀጉር አስተካካዩን ጓደኛዬን፣ "ተናደድልኝ" አልኩት። ተናደደልኝ። ፎቶውን ያየ ሁሉ፣ "ምነው፣ መንጋጋው ነው ያመመው?" እያለ ጠየቀኝ። አንዱማ የሚነቅል ሐኪም ጠቆመኝ።

ከዚያ ነገሩ ጭራሽ ተገለበጠ። አንድ ጠዋት ሰው የፎቶ ቤቴን በር ደበደበ። "ፎቶው! ቶሎ ድረስ፣ ጎረቤቶቻችን በአጥር ተጣልተው ሊፈነካከቱ ነው!" በደስታ የጫማዬን ማሰሪያ ሳላጠብቅ ሮጥኩ። ስደርስ ዱላ ተነስቷል፣ ዓይን ቀልቷል። ሌንሴን ሳነጣጥር ዱላው ምርኩዝ ሆነ። የጠራኝ ሰውዬ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ "ብዬ ነበር እኮ! ይቺን ካሜራ ሲያዩ ልክ ይገባሉ፤ እግዜር ይስጥህ" አለኝ። በዚያው ሳምንት ለሌላ ጠብም ተጠራሁ። የከተማችን ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ እኔ ቁጣ ፈላጊው የመንገዱ ዘበኛ ሆኜ አረፍኩት።

ሰው እስካገኝ ቢያንስ የገመሬውን ፎቶ ከዚህ የተሻለ ላድርገው ብዬ ወደ ቡሬ ገጠር ወጣሁ። እዚያ ገደል አፍ ላይ አያ ይስማው የሚባሉ ገበሬ በቆሎ አለ። እሸት ሲደርስ ዝንጀሮ ከገደሉ ይወጣል፤ ገበሬው ደግሞ እማሳው መሐል በእንጨት የተሠራ ማማ ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ፣ ወንጭፍ እየወነጨፈ ይጠብቃል። አያ ይስማውና ባለቤታቸው እትዬ አንጓች በዚያ ቀን ፈረስ ቤት ከተማ ለቅሶ መድረስ ነበረባቸውና የሚተካቸው ሰው አጥተው ተቸግረዋል። እኔ እጠብቅላችኋለሁ አልኩ።

አያ ይስማው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ድምፅ አለህ?"

"አለኝ።"

"ምን አልክ?"

"አለኝ።"

እትዬ አንጓች ሳቃቸውን ለቀቁት። "ይሄ ነው ዝንጀሮ የሚያባርረው? ዝንጀሮው 'ምን አልክ?' ብሎ ይጠጋዋል እንጂ!"

"ስማኝ ልጅ" አሉኝ አያ ይስማው። "ይቺ በቆሎ የዓመት ጉርሳችን ናት። ሌላ የለንም። ዝንጀሮ ዝምታ ሲሰማ ባለቤት የለም ይላል። ሁለት ነገር ልዘዝህ ብል ሁለቱም ጩኸት ነው። ገባህ?"

ገባኝ። በደንብ ገባኝ። እነሱ ሄዱ፤ እኔም ማማው ላይ ወጥቼ ካሜራዬን በማቆሚያው ላይ አቆምኩ፣ ሌንሴን ጠራረግኩ፣ ዝም አልኩ።

ምን ላድርግ! ፎቶ አንሺ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠለጠንኩት ዝም በማለት ነው። ደግሞስ እየጮኹ ማን ዝንጀሮ ያነሳል?

መጡ። መጀመሪያ አንዱ ጎረምሳ መጥቶ ቃኘ። ቀጥሎ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ገቡ። አንዷ እሸቱን ልጣጭ በልጣጭ ገልጣ፣ ፀጉሩን በጥፍሯ ለቅማ ለልጇ አቀበለችው። አንዱ ሁለት እሸት በሁለት ብብቱ ሸጉጦ ሦስተኛውን ሊይዝ ሲል አንደኛው ይወድቅበታል፤ ጎንበስ ሲል ሁለተኛው ይወድቃል፤ እሱ እቴ ተስፋ አይቆርጥም። ብርሃኑ ከጎን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንዲህ ያለ ብርሃን በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። በመጨረሻም ያው ባለ ቆራጣ ጆሮው ገመሬ ወጣ። የመንገዱ ነው፤ ጆሮ ላይ አልሳሳትም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። "እንዲህ ነው ሥራ" አልኩ በልቤ።

ቀና ስል ከማሳው በገደሉ በኩል ያለው ጥግ የለም። አገዳው እንደ ሰሌን ተነጥፏል። መንጋው ጠግቦ እየወረደ ነው። እያንዳንዷን የጠፋች እሸት አንስቻታለሁ፤ አንዷም አልደበዘዘችም። በራሴ ላይ እንደዚህ ጥርት ያለ ማስረጃ የሰበሰበ ሰው የለም።

አያ ይስማው በማግስቱ ደረሱ። ጥጉን አዩ። ከዚያ አንገታቸው ላይ አንድ ሥር ቆመ፣ ቅንድባቸው ተሰቀለ፣ የላይ ከንፈራቸው ተገለጠ። "አንተ! አንተ የሰው ትርፍ! እህሌን አስበልተህ ማማዬ ላይ ተጎልተህ...!" ዱላቸው ከራሳቸው በላይ ወጣ።

መሸሽ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ክረምቱን ሙሉ የፈለግኩት ፊት ይኸው ፊቴ ላይ መጥቷል። ቅንድቡ ያው፣ ከንፈሩ ያው፣ የገመሬው ወንድም! እጄ ሳላዘው ካሜራውን አነሳ።

አያ ይስማው ዱላቸውን አወረዱ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "ቆይ፣ ባርኔጣዬን" አሉ። አደረጉት። ወደ ሩቁ ተራራ አዩ። አነሳኋቸው። ካሜራውን ዝቅ ሳደርግ፣ "ምን እል ነበር? አዎ፣ አንተ የሰው ትርፍ!" ብለው ዱላቸውን መልሰው አነሱ። እኔም ካሜራውን መልሼ አነሳሁ። ዱላው ወረደ፣ ጋቢው ተመለሰ፣ ተራራው ታየ።

እትዬ አንጓች እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው ከኋላ ጮኹ፣ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቆጣ ወይ ፎቶህን ተነሳ!"

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የኔታ ጥበቡ ተቀመጡ፤ የዜማ መምህር ናቸው፣ በአካባቢው የእሳቸውን ቃል የሚያልፍ የለም። ማስረጃው የእኔው ካሜራ ውስጥ ነበርና ከእጅ እጅ ተዘዋወረ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ረሱት። "ይቺን እዩዋት፣ ልጇን ስታጎርስ!" "ኧረ ይሄ ባለ ሁለት ብብቱ! ወንድምህን አልመሰለም?" አያ ይስማው፣ "ያ እኮ የእኔ በቆሎ ነው!" ይላሉ፤ ማን ይስማቸው።

የኔታ ብቻ አልሳቁም። ካሜራውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰውና ዝንጀሮ ዘመድ ነው ትላለህ አሉ።"

"ፊታቸው ይመሳሰላል ነው የምል፣ የኔታ። ሲደክማቸው፣ ልጅ ሲያቅፉ፣ ሲቆጡ።"

"ድካሙን ተወው፤ ሥጋ የለበሰ ሁሉ ይደክመዋል። ልጅ ማቀፉንም ተወው። ቁጣው ላይ ግን አልስማማህም። እንስሳ ቁጣው ይነዳዋል። ሰው በአምላኩ አርአያ የተፈጠረ ነውና ቁጣውን ይገዛዋል።" ወደ አያ ይስማው አመለከቱ። "ይሄን ሰው አላየኸውም? የዓመት እህሉ ጠፍቶ፣ ዱላው ተነስቶ ሳለ ባርኔጣውን ያደረገ ሰው ነው። ዝንጀሮ ባርኔጣ ያደርጋል?"

ክረምቱን ሙሉ ያነሳሁት ሁሉ የእሳቸውን ቃል ነበር የሚመሰክረው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። የተረፈውን በቆሎ እስኪታጨድ እኔ እጠብቃለሁ። አያ ይስማው፣ "እንደገና ዝም ካለስ?" አሉ። የኔታ፣ "ካሜራውን ይዞ ይውጣ፤ አፉንም ይዞ ይውጣ" አሉ። ከእንግዲህ የሚጠፋ እሸት ከአያ ይስማው ልጆች ጉርሻ እንደሚነሳ ነገሩኝ። ይሄኛው ገባኝ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ዓይነት መግባት ሳይሆን እውነተኛው።

ፎቶ ቤቴን ቆልፌ ማማ ላይ ወጣሁ። ጩኸትን ከፊደሉ ጀመርኩ። "ሃይ" አልኩ። ዝንጀሮዎቹ እንደ አዲስ ወፍ ዞረው አዩኝ። "ሃይ!" አልኩ። አንዱ አዛጋ። ወንጭፍ ያዝኩ፤ የመጀመሪያዋ ድንጋይ ወደ ኋላ ሄዳ የእትዬ አንጓችን ዶሮ ልትገድል ጥቂት ቀራት። ግን አልወረድኩም። ፎቶ እንደተማርኩ ይሄንንም ተማርኩት፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ። ድምፄ መጀመሪያ ከጉሮሮዬ፣ ከዚያ ከደረቴ፣ በኋላ ከማላውቀው ቦታ መውጣት ጀመረ። መንጋው መፍራት ጀመረ።

ገመሬው ግን አልፈራም። ማሳው ጠርዝ ላይ ካለው የምስጥ ኩይሳ ላይ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሽማግሌ ይጠብቃል። ሲያዛጋ አዛጋለሁ። ስቆም ይቆማል። ካሜራዬን እሱ በሚገባባት ክፍተት ላይ አነጣጥሬ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ራሱን ችሎ እንዲያነሳ አዘጋጅቼ ትቼዋለሁ። ከሱ የተሻለ ቁጣ ላገኝ ነው። የተቆጣ ሰው ከማግኘት ተስፋ ቆርጬ ሳይሆን፣ አንድ በአንድ ብዬ ነው።

መስቀል ሊገባ ሰሞን በሶዬን ልበጠብጥ ዝቅ አልኩ። ቀና ስል ገመሬው ገብቷል። የገባውም የትም አይደለም፤ ክፍተቷ አጠገብ ያለች አንዲት አገዳ ነበረች፣ ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኔን የጣልኩባት፣ ቀጥ ያለች፣ እሸቷ ከሁሉም የሞላ። የዚያች አገዳ ነገር ከልጅ ያልተናነሰ ሆኖብኛል። እሷን ቀነጠሳት።

ከማማው በመሰላሉ ይሁን በአየር እንደወረድኩ አላስታውስም። ገመሬው ደንግጦ እሸቷን ጣላት። እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ እሸቷ መሐላችን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከጉሮሮዬ ሕመም በቀር የማውቀው የለም። አያ ይስማውና እትዬ አንጓች ዱላ ይዘው ሲደርሱ እኔ ብቻዬን ቆሜያለሁ።

"ምንድን ነው የጮኸው?" አሉ እትዬ አንጓች ዙሪያውን እያዩ። "ነብር ነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ ድምፄ ተዘግቶ ሳይሰሙኝ ቀሩ።

ፎቶዎቹን ያየሁት ፎቶ ቤቴ ገብቼ ነው። በመጀመሪያው ገመሬው እሸቷን ይዟል። በሁለተኛው ከጫፍ አንድ የተንጨባረረ ሰው ይገባል። በሦስተኛው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ቅንድብ ለቅንድብ፣ ከንፈር ለከንፈር፣ ጥርስ ለጥርስ። ሁለቱም ጎፈራቸው ቆሟል። የሰውየው ሸሚዝ አንገትጌ ወደ ጆሮው ተጣሞ ወጥቷል። የሰው አንገትጌ ሳቀና የኖርኩት እኔ! እንደዚያ ያለ ጥርስ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። በአገሩ ሁሉ ካሜራን የረሳ አንድ ሰው ቢኖር፣ ካሜራውን ያቆመው ሰው ነው።

ይሄስ ደግ። ክፉው ቀጥሎ ያለው ነው። በአራተኛው ገመሬው እሸቷን አንስቶ ዞሯል። በአምስተኛው ኩይሳው ላይ ተመልሶ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። ሰውየው እዚያው ነው። ጥርሱ እንደተገለጠ፣ ጡጫው እንደተጨበጠ፣ ፊቱ ወደ ባዶው ቦታ። በቀጣዩም እንዲሁ። በቀጣዩም።

ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ አየሁት። ይሄን ከሰቀልኩ ማን ከእኔ ጋር በቁም ነገር ጉርድ ፎቶ ይነሳል? "ቀና በል" ስል ማን ቀና ይላል? ግን ከጎዶሎ ፍሬም ጋር ክረምቱን ሙሉ ተንከራትቻለሁ፤ የሌላውን ሰው ፊት ልሰቅል የደፈርኩ የራሴን ልደብቅ ነው? አሳተምኩት። የተፋጠጥንበትን አንድ፣ የመጨረሻውን አንድ።

ወይዘሮ ሰብለ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። "ኧረ ይሄ ማን ነው? አስፈቅደኸዋል?"

"አስፈቅጃለሁ።"

"እንዴት እሺ አለህ?"

"በስንት ልመና።"

አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቢሯቸው ገቡ፤ ሳቃቸው በበሩ ሥር ወጣ። ግድግዳው የእኔ ሆነ።

ቅዳሜ ሰው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ከዝንጀሮዋ ጎን አይቶ፣ "አያያዟ ልክ ነው" ብሎ መሰከረላት። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ይስቃሉ፤ ማን መሆኑ ሲገባቸው ደግሞ ዞረው እኔን ይፈልጋሉ። ጥግ ላይ አንገትጌዬን እየደጋገምኩ አስተካክላለሁ። ከሰዓት በኋላ አያ ይስማው፣ እትዬ አንጓችና የኔታ ጥበቡ ከቡሬ መጡ። ያን ቀን በቆሎውን የሚጠብቅ ዘመድ ተገኝቶ ነበር። እትዬ አንጓች አንድ ጊዜ አዩና፣ "ነብሩ ይሄ ነዋ!" ብለው እየሳቁ ትከሻዬን መቱኝ።

የኔታ ግን የተፋጠጥንበትን አልፈው የመጨረሻው ፎቶ ፊት ለፊት ቆሙ። አያ ይስማውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ከጎናቸው ቆሙ።

"እሸቷን ማን ወሰዳት?" አሉኝ የኔታ።

"እሱ።"

"ይኸው ይበላል።"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ታዲያ እዚህ ላይ አንተ ማንን ነው የምትቆጣው?"

ፎቶውን አየሁ። ከፊቴ በቆሎ እንኳ የለም። "ማንንም" አልኩ።

አያ ይስማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የኔታ ስለ ቁጣና ስለ ሰው ያሉትን የሚደግሙ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ አልደገሙም። ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ነካ ነካ አደረጉና ፎቶው አጠገብ ቆሙ።

"በል አንሳኝ።"

"ብቻዎን?"

"ከሁለታችሁ ጋር።"

ካሜራዬን አነሳሁ። የኔታ አገጫቸውን ቀና አድርገው ወደ ሩቅ ተራራ አዩ። ጆሯቸው እኩል ነው፣ አንገትጌያቸው ቀጥ ያለ ነው። በሌንሱ ውስጥ ሦስት ሆነን ታየን፤ አንዱ ጥምጥሙን ያስተካክላል፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ እሸቱን ይበላል፣ አንዱ ባዶ ሜዳ ላይ ጥርሱን ገልጦ ይጮኻል።

"ቀና" አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ ግን እንጃ።